ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ምን ያብባል?

ጥያቄው፦ «በጎጃም ደጋ ላይ በምትገኝ መካከለኛ ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤት የውበትና መናፈሻ ክፍል እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ክረምቶች ለነዋሪው የፈረንጅ ጽድ፣ የቦገንቪሊያና የጽጌረዳ ችግኝ በነጻ አድለናል። በዚህ ጥር ዞረን ስናየው አብዛኛው ደርቋል ወይም ተነቅሏል። በከተማዋ ዳር ያሉ ንብ አናቢዎች ንባችን ኮበለለ ይላሉ፤ እናቶች ደግሞ ዱባችን ያብባል እንጂ ፍሬ አይዝም ይላሉ። ነዋሪው በግቢው ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን አበባ እንዲተክል ከተማዋ ምን ብታደርግ ይሻላል? በጀታችን ትንሽ ነው፤ ሰዉም ንብ ይነድፈናል ብሎ ይሰጋል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ንብ አናቢዎቹን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ንቡ የኮበለለው በየትኛው ወር ነው? ከንብ ቀሰም ዕፀዋት ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ በብዙ ቦታ ጠይቄያለሁ፤ ከደጋው የማገኘው መልስ ተቀራራቢ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የሚኮበልል መንጋ እምብዛም የለም። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ ማሳው በኑግ ቢጫ ሆኖ፣ ባቄላው እያበበ፣ ማጌቱ በየመስኩ ተነጥፎ ሳለ ንብ ቤቷን ጥላ ወዴት ትሄዳለች? የምትኮበልለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ቀጥሎም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በበጋው ማብቂያ ድርቁ አበባውን ያጠፋዋል። በክረምቱ ደግሞ ዝናቡ ከቀፎ አላስወጣ ይላታል፤ የተገኘውንም አበባ ያጥበዋል።

ስለዚህ ከተማዎ የምትፈልገው ብዙ ችግኝ ሳይሆን በእነዚያ ባዶ ወራት የሚያብብ ነገር ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥራውን ሁሉ ይለውጠዋል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መቁጠር ለምደናል፤ ሪፖርታችንም የሚሞላው በተተከለው ቁጥር ነው። ለንብ ግን የተተከለው ቁጥር ምንም አይነግራትም። አንድ ሺህ የፈረንጅ ጽድ ቢተከል ጽድ በነፋስ የሚራባ ዛፍ ስለሆነ ለንብ የሚሰጣት ጣፋጭ ፈሳሽ የለውም። ቦገንቪሊያ ላይ ቀይና ወይን ጠጅ ሆኖ የሚታየው ቀለም ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ነጭ ትንሽ ነገር ናት፤ የአገራችን ንብም ብዙ አትጎበኛትም። አበባው ተደራርቦ የሚያምረው ጽጌረዳም እንዲያ እንዲደራረብ ሲዳቀል ብናኝ የሚይዙት ክፍሎቹ ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጠውበታል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለንብ ግን ቤቱ የተዘጋ ሱቅ ነው። ያደላችሁት ችግኝ ሁሉ ቢጸድቅ ኖሮ እንኳ የንብ አናቢዎቹ ቅሬታ ባልቀነሰ ነበር።

እኔ ብሆን ሥራውን የምጀምረው በአንድ ወረቀት ነው። በወፍራም ወረቀት ላይ 12 ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ይታተም፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትደረብ። እያንዳንዱ ቤት ወረቀቱን በጓዳ በር ላይ ይለጥፈውና በዚያ ወር በግቢው አንድ ነገር ካበበ ሳጥኑ ውስጥ የአበባውን ስም ይጻፍ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ከተማዋ የትኛው ሰፈር በየትኛው ወር እንደሚራብ በዓይኗ ታያለች። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቤት የምትሉት ቃል አጭርና ግልጽ ይሆናል፦ «የእርስዎ ግቢ መጋቢት ላይ ባዶ ነው፤ አንድ ለመጋቢት የሚሆን ተክል ይትከሉ።» ሰው «አካባቢን ጠብቅ» ሲባል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። መጋቢት ሲሰጠው ግን መጋቢትን ይይዛል።

ለባዶዎቹ ወራት የሚሆነውን ተክል ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎጃም ጓሮ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ግራዋን እንውሰድ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ግራዋ በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ከሥሩ የቆመ ሰው የንቡን ድምፅ ሳያይ ይሰማዋል። ችግሩ ግራዋ በከተማ ብዙ ጊዜ ለማበብ ዕድል አያገኝም። ቅጠሉ ለጋንና ለእንስራ ማጠቢያ፣ ለመድኃኒትም ይፈለጋልና ገና ሳያብብ ይመለመላል። የቤት እመቤቷን «ግራዋ ይትከሉ» ማለት አያስፈልግም፤ አላት። «እባክዎ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሁለት ቅርንጫፎች እስከ የካቲት ድረስ አይቁረጡብን» ማለት ይበቃል። ይህ ከማዘጋጃ ቤቱ በጀት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ትንሽ ውኃ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ከማበብ የማይቆጠብ፣ ሰማያዊ ትናንሽ አበባው ከማለዳ እስከ ማታ ንብ የማይጠፋበት ቁጥቋጦ ነው። በሶብላና ዳማ ከሴ ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ፣ አበባቸው ለንብ የተመቸ ዕፀዋት ናቸው። ጤና አዳም ለቡናም ለአይብም ስለሚፈለግ በየቤቱ አለ። ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ በትንሽ መደብ ላይ በየሦስት ሳምንቱ ቢዘሩ አበባቸው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ጎመን ደግሞ ቅጠሉ ከተበላ በኋላ ግንዱን ነቅሎ መጣል የተለመደ ነው፤ ከአሥር እግር ሁለቱ እንዲያብቡ ቢተው ቢጫ አበባቸው ለሳምንታት ይቆያል፤ ባለቤቷም ለሚቀጥለው ዘሯን ታገኛለች። እሬት በድንጋይ አጥር ሥር ውኃ ሳይጠይቅ በደረቁ ወቅት ያብባል፤ ንብም አበባ የሚቀስሙት ትናንሽ ወፎችም ይመጡበታል። ለአጥር ኮርችና ሰንሰል አሉ፤ ኮርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባውን ብቻ ይዞ ሲቆም ከሩቅ ይታያል። ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ብሳና ጥሩ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ያብባልና ድርቁና ክረምቱ መካከል ያለውን ጊዜ ይሞላል። ዋንዛም በነጭ አበባው የታወቀ የንብ ዛፍ ነው።

ስለ ውኃ መናገር ግድ ነው፤ ያደላችሁት ችግኝ የደረቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ ጥቅምት ያለ ሰው እርዳታ ይኖራል። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ባለቤቱ ካላሰበበት ይሞታል። ባለቤቱ የሚያስብበት ደግሞ የሚጠቅመውን ነው። የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ከማድ ቤት በር አጠገብ ከተተከሉ የአትክልትና የእህል ማጠቢያው ውኃ ሳይታሰብ በላያቸው ይፈስሳል። ሳሙና ያለበትን ግን ለሚበላ ቅጠል አያፍስሱ። ተክሉን ሲያድሉም ስሙን ብቻ ሳይሆን የሚተከልበትን ቦታ ጭምር ይንገሩ፦ «ከማድ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ርምጃ» ብለው።

ስለ አጥር ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ከተሞቻችን የሚታየው የዱራንታ አጥር በየሁለት ሳምንቱ በመቀስ እየተስተካከለ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ያ ተክል ሲተዉት ሐምራዊ አበባ በዘለላ የሚያወርድ፣ ንብም የምትወደው ነው። ያለማቋረጥ የሚከረከም አጥር ግን አያብብም። በማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻዎች የአንዱን ጎን በአንድ ወቅት፣ የሌላውን ጎን በሌላ ወቅት መከርከም በቂ ነው። ነዋሪው የከተማዋን ምሳሌ ያያል፤ ራሷ ሁልጊዜ የምትከረክም ከተማ ሰውን «አበባ ይተዉ» ብትል ቃሏ ክብደት አይኖረውም።

አሁን ወደ ዱባው ልምጣ፤ ለነዋሪው ልብ ከማር ይልቅ ዱባ ይቀርባልና ጊዜ ልስጠው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ገና ከመነሻው ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ሁለቱም ጎሕ ሲቀድ ይከፈታሉ፤ ቀትር ሳይደርስ ይዘጋሉ፤ ያም ለአንዲት ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴዋ የሚያደርስ ንብ ካልመጣ ያች ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና፣ ጫፏ በስብሶ ትወድቃለች። ብናኙ የሚያጣብቅና ከባድ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። እርግጥ ነው፣ ዱባ በመጀመሪያው ሰሞን ወንዴ አበባ ብቻ ያወጣል፤ ፍግ የበዛበት መሬትም ቅጠል ይሰጥና ፍሬ ይቀንሳል። ሴቴዎቹ እየታዩ የሚረግፉ ከሆነ ግን የጎደለው ጎብኚ ነው።

ይህን ማሳየት ይቻላል፤ እኔ የማውቀው ከሁሉ የሚበልጥ ማስተማሪያም ይህ ነው። በሰፈሩ ከሚታወቁ ሦስት እናቶች ጓሮ ውስጥ፣ ነገ ልትከፈት የደረሰች አንዲት ሴቴ አበባ ምሽት ላይ በስስ የነጠላ ቁራጭ ተሸፍና ትታሰር። ሌላይቱ ክፍት ትተው። በማግስቱ ማታ መሸፈኛው ይነሣ። ከሳምንት በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩ። የተሸፈነችው ትረግፋለች፤ ክፍት የነበረችው ንብ ጎብኝታት ከሆነ አድጋለች። ሁለቱም ከረገፉ ደግሞ ሰፈሩ ጎብኚ እንዳጣ በዚያው ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ንብ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እስከዚያው የተቸገሩት እናቶች ወንዴውን አበባ ጠዋት ቆርጠው፣ የአበባውን ቅጠል ገፈው፣ ብናኙን ሴቴዋ መካከል በእጃቸው ያስነኩ፤ ፍሬ ይይዝላቸዋል።

ከዱባ ሌላ ኑግ ያለ ንብ ፍሬው የሚሳሳ ሰብል ነው፤ አንድ እግር ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልምና። ባቄላም ንብ ሲያገኝ ምርቱ ይሻሻላል። የአቮካዶ ደግሞ የሚገርም ነው፤ አንዱ አበባ በመጀመሪያ ቀን ሴቴ ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግስቱ ወንዴ ሆኖ ይከፈታል። ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ዛፎች በአቅራቢያ ሲኖሩና በመካከላቸው የሚመላለስ ነፍሳት ሲኖር ፍሬው ይበዛል።

ነፍሳት ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጉዳዩ በማር ንብ ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ይታወቃሉ። የማር ቀፎ የሚሞሉት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መሬት ቆፍረው ወይም በደረቀ ግንድና በሸምበቆ ቀዳዳ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ናቸው። ጣዝማ የምንላት ንብ፣ ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልጋት፣ መንደፊያ የላትም፤ ቤቷም ከመሬት በታች ነው። ግንድና ማገር እየበሳ የሚገባው ትልቁ ጥቁር ንብ በብዙ ቤት በጠላትነት ይገደላል፤ ነገር ግን የቲማቲም ብናኝ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ስለሆነ አበባውን ይዞ በክንፉ ጡንቻ እያንቀጠቀጠ የሚያራግፈው እንደ እርሱ ያለ ንብ ነው። የማር ንብ ይህን አታውቅበትም። ቢራቢሮዎች፣ አበባ ላይ የሚያንዣብቡ ዝንቦችና ጥንዚዛዎችም ድርሻ አላቸው።

እነዚህ ሁሉ ከአበባ በተጨማሪ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ማደሪያቸውን የምናጠፋው እኛ ከተሜዎች ነን። ግቢ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲለበስ፣ የጭቃ አጥር በብሎኬት ሲተካ፣ የደረቀ ግንድ ሁሉ ሲቃጠል ንቧ የምታድርበት ቦታ አይቀርላትም። ሲሚንቶ አይፍሰስ ማለቴ አይደለም፤ ጭቃ በክረምት ምን እንደሚያስመርር አውቃለሁ። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት፣ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሆነ ባዶ አፈር በአጥሩ ጥግ ይተው፤ የማሽላና የሸምበቆ ደረቅ አገዳም ታስሮ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ይሰቀል። በከተማ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ የሚለውን መርህ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ለግንባታ ፈቃድ የሚመጣ ሰው ዕቅዱ ላይ ይህችን ጥግ እንዲያመለክት መጠየቅ በእናንተ እጅ ያለ ሥልጣን ነው። ካርታ ላይ የተሠመረች ጥግ በኋላ በምክር ከሚለመን ጥግ ትሻላለች።

ሌላው በእጃችሁ ያለ፣ ብዙ ጊዜም የማይታሰብ ነገር የጽዳት ቁጥጥሩ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ስሠራ ያየሁትን ላንሳ። አንዲት እናት ለንብ ብለው በደጃፋቸው አደይ አበባና ማጌት ትተው ነበር። የሰፈሩ ጽዳት ተቆጣጣሪ መጥቶ «ደጅዎ በአረም ተወርሯል» ብሎ አስጨዳቸው። በሚቀጥለው ዓመት እኒያ እናት ምንም አልተዉም፤ ጎረቤቶቻቸውም ትምህርቱን አብረው ተማሩ። ስለዚህ ሰዉን ከመቀስቀስዎ በፊት ከጽዳት ክፍሉ ጋር ተቀምጠው አንድ ግልጽ መስፈርት ይጻፉ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጠርዙ ከታጨደ ወይም በድንጋይ ከተከበበ፣ መተላለፊያው ነጻ ከሆነ፣ ቆሻሻ ካልተጣለበት፣ ውስጡ ምንም ያህል ቢያድግ አረም አይባልም። አንድ ክንድ ስፋት ያለው የታጨደ ጠርዝ ለዓይን ትልቅ ነገር ይነግራል፤ ያ ቦታ ባለቤት እንዳለውና ታስቦበት እንደተተወ ያሳያል። ጎረቤትም አይከፋውም።

መልእክቱ በማን በኩል ይሂድ ለሚለው፣ ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ ዕድር ይሻለኛል። ዕድር የሰፈሩን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል፤ ሰውም ቃሉን ያከብራል። በወር አንድ ጊዜ በሚሰበሰቡበት ዕለት የግራዋ፣ የጥብስ ቅጠልና የዳማ ከሴ ቁራጭ ቢያመጡ ሁሉም ከቅርንጫፍ የሚበቅሉ ናቸው፤ ያለው ለሌለው ይሰጣል። ማዘጋጃ ቤቱ በየቀበሌው አንድ እናት መደብ ብቻ ያዘጋጅ፤ ቁራጭ የሚወሰድበት፣ ዘር የሚለቀምበት። በጎረቤት እጅ የመጣ ተክል በመኪና ከመጣው ችግኝ ይልቅ ዕድሜው ሲረዝም አይቻለሁ። የሰጪው ዓይን ይጠብቀዋልና ተቀባዩ ሲደርቅበት ያፍራል።

የአብያተ ክርስቲያናቱን ደን ደግሞ አይርሱ። በጎጃምና በጎንደር በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት አገር በቀል ዛፎች፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ለእነዚህ ነፍሳት መሸሸጊያ ናቸው። የማር ንብ ለቀሰም ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሲቸግራትም ከዚያ በላይ ትበራለች። ትናንሾቹ ብቸኛ ንቦች ግን ከጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም። ስለዚህ ከደብሩ ደን እስከ ከተማዋ መሀል በየሁለት መቶና ሦስት መቶ ሜትር የሚያብብ ግቢ ቢኖር ሰንሰለቱ አይበጠስም። ካርታ ሲያወጡ ከደብሮቹ አጥር ይጀምሩ፤ ካህናቱንም ያማክሩ። የመጀመሪያዎቹ ባለ 12 ሳጥን ወረቀቶች በዚያ መሥመር ላይ ላሉት ቤቶች ይታደሉ።

የሌሎችን ልምድ ለሚፈልግ የበላይ አካል ሁለት ምሳሌ ልስጥዎት። በኮስታ ሪካ፣ ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ አጠገብ ያለችው ኩሪዳባት ንቦችን፣ ቢራቢሮዎችንና አገር በቀል ዕፀዋትን እንደ ነዋሪ ዜጋ ቆጥራ፣ ራሷን «ጣፋጭ ከተማ» ብላ፣ መንገዷንና መናፈሻዋን በዚያ ዓይን ማቀድ ጀመረች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ መርሐ ግብር፣ በግቢያቸው የንብ አበባ ለሚተክሉ ነዋሪዎች ከወጪያቸው እስከ 350 ዶላር ድረስ ይመለስላቸው ጀመር። ከመጀመሪያዋ የምንወስደው ንብን በዕቅድ ሰነድ ውስጥ ማስገባትን ነው። የሁለተኛዋን ገንዘብ አናገኝም፤ ነገር ግን እዚያ በዶላር የሚገዛው አገር በቀል ተክል እዚህ በጎረቤት አጥር ላይ በነጻ አለ።

መድኃኒት ርጭትን ካላነሳሁ ግን እስካሁን ያልሁት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ንብን በአበባ ጠርቶ በመርዝ መቀበል ይሆናል። በከተማ ጓሮ ማላታይን የተባለው የተባይ መርዝ እንደ ዋዛ ይረጫል፤ ብዙ ጊዜም ጠዋት፣ አበባው ተከፍቶ ንብ ስትሠራ። ለነዋሪው ሦስት ነገር በግልጽ ይነገር። ባበበ ተክል ላይ መድኃኒት አይረጭም። ማሳለፍ የማይቻል ተባይ ከመጣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ከምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ወዲህ ይሁን፤ በአካባቢው ያለ ንብ አናቢም ቀድሞ ይነገረው፣ ቀፎውን ይዝጋ። ለክሽክሽና ለመሰል ጥቃቅን ተባይ ደግሞ በመጀመሪያ የሳሙና ውኃ ይሞከር። መድኃኒት ለሚሸጡት ባለ ሱቆችም ይህን የሚል ወረቀት ደጃቸው ላይ እንዲለጥፉ ያድርጉ፤ ገዢው ምክር የሚሰማው ከሻጩ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የራሱን ርጭት በዚሁ ሕግ ይገዛ።

ሰዉ ስለሚፈራው መንደፍ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። የአገራችን የማር ንብ ቤቷን አጥብቃ የምትጠብቅ ናት፤ አባቶች ማር በሌሊት የሚቆርጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ንብ የምትቆጣው በቀፎዋ አጠገብ ነው። አበባ ላይ ያለች ንብ የምትከላከለው ቤት የላትም፤ ካልረገጧት ወይም በእጅ ካልጨበጧት አትነካም። ብቸኛ ንቦችም እምብዛም አይናደፉም። ስለዚህ አበባ ማብዛትና ቀፎ ማብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሁሉም መድረክ ይናገሩ። ንብ የሚበዛበት ተክል ልጆች ከሚሮጡበት መንገድ፣ ከብት ከሚታሰርበት ችካልና ከመግቢያው በር ራቅ ብሎ ይተከል። አለርጂ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ማንም አይገፋፋቸው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምጠይቅዎት ነገር አለ። ሥራው ሲታወቅ «ሥራ አጥ ወጣቶችን አደራጅተን በከተማው ውስጥ ቀፎ እንስጥ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። የካቲት ላይ አበባ በሌለበት ከተማ 50 ቀፎ ቢገባ ያለችውን ትንሽ ቀሰም ይሻማል፤ የዱር ንቦቹ ይራባሉ፤ በመጨረሻም የገባው መንጋ ይኮበልላል፤ ወጣቶቹም ባዶ ሣጥንና ዕዳ ይዘው ይቀራሉ። የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሳጥኖች በአብዛኛው ወረቀት ላይ እስኪሞሉ ድረስ ቀፎው ይቆይ።

መታደል የሌለባቸውን ደግሞ በአጭሩ። የወፍ ቆሎ በአበባው ቢራቢሮ ይስባል፤ ነገር ግን የግጦሽ መሬት የሚወር መጤ ነውና ማንም ቢያመጣው አይቀበሉ። ቅንጬ አረም እንደዚሁ። ባህር ዛፍ ለንብ ጥሩ ቀሰም አለው፤ በከተማ ግቢ ግን ሥሩ ውኃውን ስለሚሻማ በጎረቤት ዱባ ላይ ይፈርዳል።

በጀቱን በተመለከተ፣ ገንዘብ የሚያስፈልገው ወረቀቱን ለማሳተም፣ በየቀበሌው ያለውን እናት መደብ በበጋ ውኃ ለሚያጠጣ አንድ ሠራተኛ፣ ለድንብላልና ለጥቁር አዝሙድ ዘር ነው። የቀረው ፈቃድና ክትትል ነው። ክትትሉን ለትምህርት ቤቶች ይስጡ። በአንድ ፀሐያማ ጠዋት፣ አንድ ተማሪ ባበበ አንድ ቁጥቋጦ ፊት አሥር ደቂቃ ቆሞ የመጡትን ጎብኚዎች በአራት ረድፍ ይቁጠር፦ የማር ንብ፣ ሌላ ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ዝንብና ሌላ። በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ይደገም። ለበላይ የምታቀርቡት ሪፖርት ይህ ቁጥር ይሁን።

ጥያቄዎ በጥር መምጣቱ ጥሩ ሆነ፤ የረሃቡ ወቅት ገና እየገባ ነው። በየካቲት አጋማሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከአንድ ደብር አጥር ተነሥተው እስከ ገበያው ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። በየግቢው በአጥር ላይ የሚታየውን አበባ፣ ንብ ያለበትንና የሌለበትን፣ ስሙን የማያውቁትንም ቅጠሉን ቆርጠው በመጽሐፍ መካከል እያደረጉ ይመዝግቡ። መዝገቡን ይላኩልኝ፤ ለየትኛው ሰፈር የትኛው ተክል ቀድሞ መግባት እንዳለበት በዚያ ላይ ተመሥርተን ለሰኔ እናዘጋጃለን።